የኩሽና ፎጣን ከእርድ፣ ከበርበሬና ከቅቤ እድፍ ማላቀቅ፦ ደረጃ በደረጃ

ዶሮ ወጥና አልጫ በሚሠራበት ቤት ነጭ የኩሽና ፎጣ ነጭ ሆኖ መቆየት ይችላል። ብዙ ሰው ይህን አያምንም። ፎጣ ሁለት ሦስት ወር ካገለገለ በኋላ ቢጫ፣ ቀይና ቡናማ መሆኑ፣ ውሃ መምጠጥ ማቆሙ፣ ሲያነሡት መሽተቱ የማይቀር ነገር ተደርጎ ይወሰዳል። ከዚያ በረኪና ይደፋበታል። ለጊዜው ነጣ ይላል። ሽታውም ቀን ሁለት ቀን ይጠፋል። ጨርቁ ግን እየሳሳ ሄዶ በጣት ሲጫኑት ይቀደዳል።

ችግሩ የሳሙና ማነስ አይደለም፤ የቅደም ተከተል ነው። የኛ ምግብ እድፍ አብዛኛው በዘይት ወይም በቅቤ የተለወሰ ቀለም ነው። ቅባቱ ሳይለቅ ቀለሙ አይለቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ቅባቱን፣ ቀጥሎ ቀለሙን፣ የቀረውን በፀሐይ። በረኪና ካስፈለገ የሁሉም መጨረሻ ነው።

1. ጨርቁን መምረጥና ሥራውን መለየት

የዕቃ ማድረቂያ ፎጣ ንጹህ ጥጥ ይሁን። ቴትሮን የተቀላቀለበት ጨርቅ የብርጭቆውን ውሃ ከማንሣት ይልቅ ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል። ቅባት አንዴ ከያዘም ቶሎ አይለቅም። ውድ መግዛት ግን የግድ አይደለም። አቡጀዲ በሜትር ገዝቶ መቁረጥና ጠርዙን ማስዘምዘም በጣም ጥሩ ፎጣ ይሰጣል። ያረጀ የጥጥ አንሶላም እንዲሁ፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ስለታጠበ ከአዲስ ጨርቅ ይልቅ ውሃ ይመጥጣል።

አዲስ ፎጣ ሳይታጠብ ሥራ አይጀምርም። ፋብሪካ ላይ የሚቀባው ማጠንከሪያ ውሃ እንዳይገባ ይከለክላል። በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ሁለት ጊዜ ታጥቦ ሲደርቅ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ቀለሙን በተመለከተ፣ እኔ ነጭ ምረጡ ባይ ነኝ። ጥቁር ሰማያዊና ቡናማ ፎጣ እድፉን ይደብቃል እንጂ አያስቀረውም። ነጭ ግን ይቀቀላል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲቆሽሽም ቆሽሻለሁ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድ ፎጣ ሁሉን ሥራ አይሥራ። እጅ የሚደረቅበት፣ ዕቃ የሚደረቅበት፣ ጠረጴዛና ምድጃ የሚወለወልበት፣ ትኩስ ድስት የሚያዝበት፣ እንጀራ የሚሸፈንበት፣ ሲኒ የሚወለወልበት፣ ሁሉም የየራሱ ጨርቅ ይኑረው። ይህ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ግን ከተራ ጨርቅ የተቆረጠ ከሆነ ወጪው ኢምንት ነው። በ2018 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሞሪሸስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለአንድ ወር ያገለገሉ 100 የኩሽና ፎጣዎች መርምረው በ49ኙ ላይ ባክቴሪያ ሲራባ አግኝተዋል። ለብዙ ሥራ የዋሉትና እርጥብ ሆነው የሚቆዩት ፎጣዎች ከሌሎቹ የባሱ ነበሩ። ቤተሰቡ በበዛ ቁጥርም ባክቴሪያው ጨምሯል። ስለዚህ ሥራ መለየት ለእድፍ ብቻ ሳይሆን ለጤናም ነው።

ቤት ውስጥ ሌላ ሰው እንዳያደባልቀው የፎጣውን ጥግ በባለ ቀለም ክር ሁለት ሦስት ጊዜ ወጋ ወጋ አድርጉት። ቀይ ክር ለእጅ፣ ሰማያዊ ለዕቃ፣ አረንጓዴ ለምድጃ። ልጅም እንግዳም ወዲያው ይለየዋል።

የምጣድ ማሰሻ ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ነው። በጎመን ዘር የጠገበ ጨርቅ ከፎጣ ጋር አንድ ሳፋ ውስጥ ከገባ ሁሉንም ያጠቁረዋል።

2. በየቀኑ የሚደረገው

ለአንድ መካከለኛ ቤተሰብ ስምንት ወይም አሥር የዕቃ ፎጣ ይበቃል። የዕቃና የእጅ ፎጣ በየቀኑ ይቀየር። ብዙ ዕቃ የሚታጠብበት ቀን ከሆነ፣ ለምሳሌ በዓል፣ እርጥበቱ እጅ ላይ መሰማት ሲጀምር ሌላ አንሡ።

ፎጣ ተዘርግቶ ይሰቀል። ላቫንዲኖው ጠርዝ ላይ ተጨብጦ የሚተው ጨርቅ መሐሉ ሳይደርቅ ያድራል፤ ያ የምታውቁት የሻገተ ሽታ የሚመጣው ከዚያ ነው። ምድጃው እጀታ ላይ ወይም ሲሊንደሩ ላይ ጣል ማድረግም ለእሳት አደጋ በር መክፈት ነው። ግድግዳው ላይ ሁለት ሚስማር መትቶ ገመድ መወጠር ይበቃል።

የቆሸሸውን ፎጣ እርጥብ እንደሆነ ፌስታል ውስጥ ወይም የልብስ ቅርጫት ውስጥ አትክተቱት። መጀመሪያ ይድረቅ፤ ከዚያ እስከ አጠባ ቀን ይቀመጥ። እድፍ ካለበት ግን አይጠብቅም። ከታች እንደምታዩት የዚያኑ ቀን አምስት ደቂቃ ከሰጣችሁት የሳምንቱ ሥራ ግማሹ ያልቃል።

ጥሬ ሥጋ፣ የዶሮ ብልት ወይም እንቁላል የነካ ጠረጴዛ በሶፍት ይጠረግ እንጂ በፎጣ አይጠረግ።

3. እድፉን እንደየዓይነቱ መያዝ

የመጀመሪያው ደንብ ለሁሉም ይሠራል። አትሹት። እድፍ ሲታሽ ወደ ክሩ ውስጥ ይገባል፣ ዙሪያውንም ያዳርሳል። የተንጠባጠበውን በማንኪያ ጠርዝ አንሡ፤ ከዚያ በሌላ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጋችሁ አስመጥጡት።

*እርድ።* ከሁሉም አስቸጋሪው ይሄ ነው። ከአልጫ ክክ ማንኪያ አንዲት ጠብታ ነጭ ፎጣ ላይ ወረደች እንበል። ቢጫ ነች። ደረቅ ሳሙና አንሥታችሁ ስታሹባት እዚያው እጃችሁ ላይ ትቀላለች፤ እንደ ጡብ ያለ ቀይ ቡናማ ትሆናለች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ በረኪና ያነሣል። አትደንግጡ። እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን የሚባለው ቀለም ነው። ይህ ቀለም እንደ ደረቅ ሳሙናና እንደ ሶዳ ያለ ነገር ሲነካው ይቀላል። ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ ሲደረግበት መልሶ ቢጫ ይሆናል። እድፉ አልባሰም፤ መልኩን ብቻ ነው የቀየረው።

ኩርኩሚን በውሃ አይሟሟም። በዘይትና በአልኮል ይሟሟል። ደካማ ጎኑ ደግሞ ብርሃን ነው፤ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ይፈራርሳል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ላርጎ ሳይበርዝ በቀጥታ እድፉ ላይ አድርጉ። በጣት ቀስ ብላችሁ አዳርሱትና 15 ወይም 20 ደቂቃ ተዉት። ውሃ አትጨምሩ፤ ላርጎው መጀመሪያ ዘይቱን ይያዝ። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ከጨርቁ ጀርባ በኩል አፍስሱበት፤ እድፉ በመጣበት ይመለሳል። ቢጫው ከቀረ በሕክምና አልኮል የራሰ ጥጥ ጫን ጫን አድርጉበት። ጥጡ ቢጫ ሲሆን ሌላ ቀይሩ። ይህን ምድጃና ከሰል አጠገብ አታድርጉ። በመጨረሻ አለቅልቁ፣ የሎሚ ውሃ ቀቡና እርጥብ እንዳለ እድፉን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ አስጡት። ማታ ላይ እዩት። ካልጠፋ ነገም መልሱት። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አብዛኛው ይጠፋል።

*በርበሬ።* የቁሌት ፍንጣቂ የእርድ ወንድም ነው። የበርበሬ ቀይ ቀለምም ዘይት ወዳድ ነው፤ ውሃ ብቻውን ንቅንቅ አያደርገውም። ትኩስ ፍንጣቂ ሲያርፍበት ላዩ ላይ ዱቄት ነስነስ አድርጉና ዘይቱን ይምጠጥ። ከሩብ ሰዓት በኋላ አራግፉት። ከዚያ እንደ እርዱ ላርጎ፣ 20 ደቂቃ፣ ሙቅ ውሃ። በርበሬ ሙቀት ያለው ውሃ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም አብሮት ያለው ዘይት ወይም ቅቤ በቀዝቃዛ አይለቅም። አንድ ጊዜ አልበቃም ካለ ላርጎውን ድገሙት። ብርቱካናማ ጥላ ብቻ ሲቀር ሥራው የናንተ ሳይሆን የፀሐይ ነው።

የሽሮ እድፍም ሁለቱን ያቀፈ ነው፤ በርበሬውም ዘይቱም አለበት። ላዩ ላይ የደረቀውን ዱቄት ግን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አርሳችሁ ፍቃችሁ አንሡት።

*ቅቤ።* ንጹህ ቅቤ ቀለም ስለሌለው አይታይም፤ ግን ፎጣ ውሃ እንዳይመጥ የሚያደርገው ዋናው እሱ ነው። የአዲስ አበባ ጠዋት ላይ ቅቤ ጨርቅ ላይ ይረጋል። በቀዝቃዛ ውሃ መልፋት ከንቱ ነው። ላርጎ ቀብታችሁ ከማንቆርቆሪያ ፍል ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱበት።

*ቡና።* የሲኒ ጨርቅ ቡናማ የሚሆነው በአተላው ነው። አተላውን አራግፉ፤ አትሹት። ቡናው ወተት የሌለበት ከሆነ ጨርቁን ሳፋ ላይ ወጥራችሁ ከከፍታ የፈላ ውሃ ማፍሰስ ለትኩስ እድፍ ግሩም ነው። ወተት ከነበረበት ግን መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ። የቆየውን የቡናና የሻይ ቡናማ እድፍ አንድ እጅ አቼቶ በሁለት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት፤ ከዚያ በዱቄት ሳሙና እጠቡት። ለቡና ደረቅ ሳሙና አልመክርም፤ እድፉን ይበልጥ ያጸናዋል።

*ደም፣ እንቁላል፣ ወተት።* ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ። ሙቅ ውሃ ሲነካቸው ክሩ ላይ ይበስላሉ፤ ከዚያ ማስለቀቅ መከራ ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነጭ ጨርቅ ላይ የደረቀ ደም በደንብ ያስለቅቃል። ለግትር የእርድ ቢጫም ይረዳል።

*ጥላሸት።* እርጥብ እጅ አታስነኩት። ደጅ ወጥታችሁ አራግፉት፣ ከዚያ ደረቅ እንዳለ ላርጎ።

*ቀይ ሥር* አስፈሪ ይመስላል፤ ግን በውሃ የሚለቅ ቀለም ነው። ወዲያው ብዙ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ ሎሚ።

*ዝገት።* ከብረት ድስት፣ ከቢላዋ ወይም ከሚስማር የሚመጣ ቡናማ ነጥብ ነው። ጨው ነስንሳችሁ ሎሚ ጨምቁበትና ፀሐይ ላይ አድርጉት። ሲደርቅ ሎሚውን ድገሙት። በረኪና ዝገትን ያባብሳል፤ ነጥቡ ይጠቁርና ክሩን ይበላዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ነገር ላንሣ። አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ አንድ ላይ ሲደረጉ ይንፈቀፈቃሉ፤ ያ አረፋ የሚያጸዳ ይመስላል። ሁለቱ ግን ሲገናኙ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ፣ የሚቀረው ጨዋማ ውሃ ነው። ሶዳውን ለቅባትና ለሽታ፣ አቼቶውን ለቡናና ለማለቅለቂያ፣ በየተራ ተጠቀሙባቸው።

4. የሳምንቱ አጠባ

የኩሽና ፎጣ ከውስጥ ልብስና ከካልሲ ጋር አይታጠብም። ለብቻው፣ በራሱ ሳፋ።

ፎጣዎቹን አራግፉ። ሳፋው ውስጥ እጅ የሚችለውን ያህል ሙቅ ውሃና ኦሞ አድርጉ። ለ10 ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በቂ ነው። አረፋ ስለበዛ አይጸዳም፤ ሳይለቀለቅ የቀረ ሳሙና ጨርቁን ያደርቀዋል፣ አዲስ ቆሻሻም ይስባል። ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ። በጣም የቆሸሸ ከሆነ ይደር፤ ከአንድ ሌሊት በላይ ግን አይቆይ፣ ውሃው ራሱ ይሸታል። ከዚያ ጠርዝ ጠርዙን እሹ። እጅ ብዙ የሚነካው ጠርዙ ነው።

ቀጥሎ መቀቀል። እናቶቻችን ነጭ ጨርቅ ሲቀቅሉ ትክክል ነበሩ። የታሹትን ፎጣዎች ትልቅ ድስት ውስጥ ከተቱ፣ ውሃው ይሸፍናቸው፣ ጥቂት የዱቄት ሳሙና ጨምሩ፣ ከፈላ በኋላ 15 ደቂቃ ይንተክተክ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ለፎጣ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ጀርም ለመግደል ብዙውን ጊዜ የሚመከረው 60 ዲግሪ ነው። በእንጨት አገላብጡት። ድስቱ ለምግብ የማይውል ይሁን፤ ሶዳ ከጨመራችሁ ደግሞ አሉሚኒየም አይሁን፣ ድስቱ ይጠቁራል። እድፉ ሳይነካ መቀቀል ግን ትርፉ ድካም ነው። ደሙ ይበስላል፣ የበርበሬው ዘይት ቀልጦ ለሌሎቹ ሁሉ ይዳረሳል። ልጆች አጠገቡ አይድረሱ፤ ውሃው ሳይበርድም ድስቱን አታንሡ።

መብራት ከጠፋ ወይም ጋዝ መቆጠብ ካስፈለገ፣ የፈላ ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨርቁ ላይ ገልብጡ፣ ክዳን አድርጉበት፣ ባልዲውን ብርድ ልብስ አልብሱትና እስኪቀዘቅዝ ተዉት።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ለማለቅለቂያ አትሰስቱ፤ ለመዘፍዘፊያ ሰስቱ። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ንጹህ ስለሆነ በጀሪካን ይቀመጥና ለሚቀጥለው መዘፍዘፊያ ይዋል። መዘፍዘፊያውን ደግሞ ለግቢ ወይም ለሽንት ቤት።

ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። በመጨረሻው ባልዲ ውስጥ አንድ ሲኒ አቼቶ ጨምሩ። የቀረውን ሳሙና ያስለቅቃል፣ የከርሰ ምድር ውሃ የሚጠቀም ሰፈር ላይ ጨርቁ ላይ የሚቀረውን ኖራ መሰል ነገርም ያነሣል። ሲደርቅ አቼቶው አይሸትም። የልብስ ማለስለሻ ግን የኩሽና ፎጣ አይንካ። ክሩን ይቀባውና ውሃ እንዳይመጥ ያደርገዋል።

ከኦሞ በፊት ይህን ሥራ የሚሠራው እንዶድ ነበር። ፍሬው ተወቅጦ ነጭ ሸማ ይታጠብበት ነበር፤ ዛሬም ነጠላቸውን በሌላ የማያሳጥቡ አሉ። ተመራማሪው አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ከዚያ በመነሣት እንዶድ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አሳዩ። ከባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በዚያው አቆጣጠር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። አንድ የአጠባ ነገር እስከዚያ ድረስ መድረሱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። እንዶድ የምትጠቀሙ ከሆነ ዓይናችሁን ጠብቁ፣ ዕቃና ምግብ የሚነካ ፎጣ ላይም ማለቅለቁን አብዙ።

5. በረኪና ሲያስፈልግ

ቅባቱ ለቆ፣ ተቀቅሎ፣ ፀሐይ ላይ ውሎ አሁንም ጥላ ከቀረ፣ ወይም የሻጋታ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ፣ ያኔ በረኪና። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ ብቻ።

ለ5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ ሲኒ። መጀመሪያ ውሃውና በረኪናው ይቀላቀል፣ ከዚያ ጨርቁ ይግባ። በቀጥታ የተደፋበት ቦታ ይሳሳል። 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ማሳደር አያነጣውም፣ ክሩን ነው የሚበላው። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቁ።

አሁን የምጽፈውን በትኩረት አንብቡልኝ። በረኪና ከአቼቶ፣ ከሎሚ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አይገናኝ። መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ ኩሽና ውስጥ ሰው ይጎዳል። አቼቶ ወይም ሎሚ የነካው ፎጣ በደንብ ሳይለቀለቅ በረኪና ውስጥ አይግባ። በረኪናውን ከጨርቅ ጋር ማፍላትም ክልክል ነው። በለስላሳ መጠጥ ወይም በውሃ ጠርሙስ ቀድቶ ማስቀመጥም እንዲሁ፤ ስንት ልጅ ተጎድቶበታል።

6. ማድረቅ

ደጋ አገር የምንኖር ሰዎች ትልቅ ዕድል አለን። ከፍታ ላይ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል። ነጭ ፎጣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ተዘርግቶ ይዋል። እድፍ ያለበት ወገን ወደ ላይ ይሁን፤ በየመሐሉም ውሃ እፍ በሉበት፣ ምክንያቱም ጨርቁ እርጥብ ሲሆን ማንጣቱ ይፈጥናል። ባለ ቀለሙን ግን ጥላ ላይ ስቀሉ።

ክረምት ሲገባ ጣጣው ይጀምራል። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ፎጣ ሁለት ቀን ሳይደርቅ ሊቆይ ይችላል፣ ሽታና ጥቁር ነጠብጣብም የሚመጣው ያኔ ነው። መፍትሔው በደንብ መጭመቅ ነው። እርጥቡን ፎጣ በትልቅ ደረቅ የገላ ፎጣ ጠቅልላችሁ በጉልበት ተጫኑት፤ ግማሹ ውሃ እዚያ ይቀራል። ከዚያ ነፋስ በሚገባበት በረንዳ ወይም ኮሪደር ላይ፣ ሳይደራረብ። ትንሽ እርጥበት ሲቀረው በካውያ ጨርሱት። ካውያ ግን እድፍ የቀረበትን ጨርቅ አይንካ፤ ሙቀቱ እድፉን ያጸናዋል። ክረምት ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ከማጠብ በየሁለት ቀኑ ጥቂት ማጠብ ይሻላል።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ በተለይ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ክረምት ላይ፣ ፀሐዩን የሚተካላችሁ ኦክሲጅን ያለው የማንጫ ዱቄት ነው። በሙቅ ውሃ በጥብጣችሁ ፎጣውን አሳድሩት፤ በርበሬና እርድ ላይ ይሠራል፣ እንደ በረኪናም ጨርቅ አይጎዳም። ማሽኑን 60 ዲግሪ ላይ አድርጉት። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት እድፉ መልቀቁን ብርሃን ላይ ዘርግታችሁ እዩ፤ አንዴ ትኩስ ማሽን ውስጥ የገባ የቁሌት እድፍ ከዚያ በኋላ እሺ አይልም። በዘይት የራሰ ጨርቅ ደግሞ ማድረቂያ ውስጥ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና ቅባቱ ሳይለቅ አይግባ።

7. ውሃ አልመጥም ያለና የሚሸት ፎጣ

ንጹህ መስሎ ብርጭቆ ላይ የሚያንሸራትት፣ እርጥብ ሲሆን የሚሸት ፎጣ ካላችሁ በውስጡ የቆየ ቅባትና ሳሙና ተከማችቷል። ባልዲ ውስጥ ከትታችሁ የፈላ ውሃ ሙሉበት፣ ግማሽ ኩባያ ቤኪንግ ሶዳና አንድ ማንኪያ ላርጎ ጨምሩ፣ በእንጨት አማስሉና እስኪቀዘቅዝ ተዉት። ውሃው ይደፈርሳል፣ ላዩ ላይ የቅባት ክብ ክብ ይንሳፈፋል። ድፉትና ያለ ሳሙና ድገሙት። ሁለተኛው ውሃ ጥርት ካለ አለቅልቁ፣ በአቼቶ ውሃ ጨርሱ፣ ፀሐይ ላይ አስጡ። ሲደርቅ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት። ጠብታዋ ወዲያው ከጠለቀች ፎጣው ተመልሷል፤ ላዩ ላይ ከቆመች አንዴ ድገሙት።

ይህ ሁሉ ተደርጎለት በደረቀ ማግስት መልሶ የሚሸት፣ ወይም ብርሃን ላይ ሲዘረጉት ክሩ ተለያይቶ የሚታይ ፎጣ ጊዜው አልቋል። ከዕቃና ከምግብ ይራቅ። አራት ቦታ ቆርጣችሁ ለመስኮት፣ ለምድጃና ለወለል አውሉት። ከዚያም የባሰው ለምጣድ ማሰሻ ይሁን። ዘይት የጠጣውን ማሰሻ ግን ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትወርውሩት፤ ራሱን በራሱ ሊያግል ይችላል። ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።